በእሳቸው ስም የወጣው ፊት

ከመንዝ ዲላ ያመጣኝ ሥራ ነው። በአንድ የቡና ገበሬዎች ማኅበር ቢሮ የአባላቱን መዝገብ ኮምፒውተር ላይ እጽፍ ነበር። አንድ ዓመት፣ ቡናው ሊደርስ ሲል፣ ለአባላቱ ሁሉ ባለፎቶ መታወቂያ ይውጣ ተባለ። ፎቶ የሚያነሣው ባልደረባዬ ነበር፤ አባላቱ ቡና የሚያመርቱባት የኮንጋ መንደር ልጅ ነው፣ ቀልድ አያልቅበትም። በስልኩ ያነሣቸው ፎቶዎች እጅግ ትልልቅ ሆነው ካርድ ማተሚያው አልቀበል አለ። አንድ በአንድ እናሳንስ ብንል ክረምቱም አይበቃንም። ስለዚህ በፓይተን አጭር ፕሮግራም ጻፈ። ፕሮግራሙ ከእኔ መዝገብ ስም ያነባል፣ በዚያ ስም የተቀመጠውን ፎቶ ፈልጎ ይከፍታል፣ ወደ ጉርድ ፎቶ መጠን ያሳንሰዋል፣ በአባሉ ስም መልሶ ያስቀምጠዋል። የፈጀበት ሻይ ጠጥተን እስክንመለስ ነው።

"እህቴ፣ እንግዲህ እንጀራችን ሰው ማሳነስ ሆነ" አለኝ።

እኔና እሱ የምንጣላው በፊደል ብቻ ነበር። እኔ የኔታ ዘንድ የተማርኩ ነኝ፤ በፀሐዩ "ፀ" የሚጻፈውን በጸሎቱ "ጸ" መጻፍ እንደ ድፍረት ይከብደኛል። እሱ ደግሞ ጣቱ ያገኘውን ይጽፋል። "ድምፁ አንድ ከሆነ ምን አጣላን? እግዜር በየትኛውም ቢጠሩት ይሰማል" ይለኛል።

ከአባላቱ መካከል ባላቸው የሞተባቸው አንዲት የኮንጋ እናት ነበሩ። ዋርሳቸው፣ የባላቸው ታናሽ ወንድም፣ "የወንድሜ ቡና ለእኔ ነው" ብሎ ሲሟገታቸው ከርሞ፣ ሽማግሌውም ማኅበሩም ለእሳቸው ፈረደ። ስማቸው መዝገብ ገባ። የቀራቸው መታወቂያው ነው። የቡና ማጠቢያ ጣቢያው ካርዱ በሚታደልበት ቀን ማግስት መረከብ ይጀምራል፤ መታወቂያ የሌለው አያስመዝንም፤ የተለቀመ እሸት ቡና ደግሞ ካደረ ይበላሻል።

ካርዶቹን ይዘን ኮንጋ ሄድንና ጣቢያው ግቢ ጠረጴዛ ዘረጋን። ስም እየጠራሁ አድላለሁ። መዝገቡ ቤተሰብ በቤተሰብ የተጻፈ ነውና መጀመሪያ ዋርሳው ተጠራ፤ ካርዱን ተቀብሎ ፈቀቅ አለ። ቀጥሎ የእሳቸውን ስም ጠራሁ። ካርዱን ልሰጣቸው ስል እጄ አየር ላይ ቀረ። ስሙ የእሳቸው ነው። ፊቱ ግን አሁን ከፊቴ የሄደው የዋርሳቸው ነው፤ ያው ጢም፣ ያው ባርኔጣ።

በስመ አብ ብዬ አማተብኩ።

"ልጄ፣ የኔ ፊት የት ሄደች?" አሉ ሴትዮዋ። ድምፃቸው ረጋ ያለ ነበር፤ እሱ ይበልጥ አስደነገጠኝ።

ዋርሳው ተመልሶ በትከሻዬ በላይ አሻግሮ አየ። ካርዱን ከእጄ መንጭቆ ለሰልፈኛው ሁሉ ከፍ አድርጎ አሳየ። "ሽማግሌ ያዳላል። ኮምፒውተር ዘመድ የለውም። ይኸው ፈረደ።"

የሳቀ ነበር፤ ያልሳቀው ይበዛል። ከሰልፉ አንድ አዛውንት "እንዲያው ዝም ብሎ አይሆንም፣ ነገር ቢኖረው ነው" ሲሉ ሰማሁ። እኔም ነገር እንዳለው አምኜ ነበር። ባልደረባዬና ዋርሳው በአንድ ሰፈር ማደጋቸው ድንገት ትዝ አለኝ። ስንት ቀን አብረን ምሳ የበላን ሰው ዓይኑን ማየት አቃተኝ።

"እኔን ነው የጠረጠርሽው?" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ላፕቶፑን ክፈተው።"

ከፈተው። ትልልቆቹ ፎቶዎች ውስጥ የሴትዮዋ ፊት ደህና ተቀምጧል፤ ስማቸውን ግን በጸሎቱ "ጸ" ጽፎታል። እኔ መዝገቡ ላይ በፀሐዩ "ፀ" ጽፌዋለሁ። ለሰው አንድ ናቸው፤ ለኮምፒውተር ግን ሁለት ስም ነው። ፕሮግራሙ ፎቷቸውን ፈለገ፣ አጣ። ፎቶ ካጣህ ዝም ብለህ ወደሚቀጥለው ሥራ እለፍ ተብሎ ተጽፏል። ሲያልፍ ግን እጁ ባዶ አልነበረም፤ አስቀድሞ ያሳነሰው የዋርሳው ፎቶ ገና በእጁ ነበር። እሱኑ በእሳቸው ስም አስቀመጠው። ማንም አልነካውም፤ ማንም አልተማከረም። ቁጭ አልኩ። ተንኮል ቢሆን ይሻለኝ ነበር፤ ተንኮለኛን ሰው ይገሥጸዋል።

ባልደረባዬ ላፕቶፑን ወደ ሰዉ አዙሮ የሴትዮዋን ፎቶ አሳየና በጌዴኦኛ አስረዳ። ዋርሳው ፊደል የቆጠረ ነውና ነገሩ ገብቶታል፤ ግን አልተቀበለም።

"በ'ጸ' እና በ'ፀ' ቡናዬን ልትወስዱ?"

"ቡናውን ተወው፣ ካርዱን አምጣ" አለው ባልደረባዬ።

"ፊቴ ያለበትን?"

ያን ጊዜ ሴትዮዋ ተናገሩ። "ፊቱን ይውሰድ። ስሜን ይመልስ።"

አዛውንቱ "ልክ ናት" አሉ። ባልደረባዬ ከቦርሳዬ መቀስ አወጣ፣ ካርዱን ከዋርሳው ጣቶች ቀስ አድርጎ አላቀቀና መሐል ለመሐል ቆረጠው። ፊቱን ለእሱ፣ ስሙን ለእሳቸው ሰጠ። ዋርሳው ግማሹን ጠረጴዛው ላይ ጥሎ ሄደ። ሴትዮዋ የእሳቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩ።

አዲሱን ካርድ በማግስቱ በጠዋት እናመጣለን ብለን ቃል ገብተን ዲላ ተመለስን፤ መብራት ጠፍቶ አደረ። ባዶ እጃችንን ኮንጋ ስንደርስ ሴትዮዋ ጆንያቸውን አስቀድመው ሚዛኑ አጠገብ ቆመዋል። መዛኙ ከሌላ ወረዳ የመጣ ሰው ነው፤ ቋጠሯቸውን ፈትተው የሰጡትን ግማሽ ካርድ አገላብጦ አየ።

"እናቴ፣ ይሄ እኮ ፊት የለውም።"

"ፊቱ እኔ ነኝ" አሉት።

መዛኙ እኛን አየ። እኔ ራሴን በአዎንታ ነቀነቅሁ። ጎንበስ ብሎ ጆንያውን ሚዛኑ ላይ አወጣው።