የአጣሪዋ እህት

ገና በልጅነቷ ነበር የሽጉጥ ፈቃድ ቢሮ የተቀጠረችው። ሥራዋ ቤት ለቤት እየዞሩ ማጣራት ስለነበር አጣሪዋ ይሏታል። ሽጉጥ ሊታጠቅ ያሰበ ሰው ባመለከተ ቁጥር ቤቱ ድረስ ሄዳ ጎረቤት ትጠይቃለች፤ ሚስት ካለችውም ለብቻዋ ጓዳ ይዛት ገብታ ታዋራታለች። አጣሪዋ እሺ ካላለች ፈቃድ የለም። ባልደረቦቿ ታዲያ፣ አንቺን ያገባ ሰው ሽጉጥ ምን ይሠራለታል፣ ምላስሽ ይበቃዋል እያሉ ይቀልዱባታል።

የአጣሪዎቹ ደመወዝና የመኪናው ነዳጅ የሚሸፈነው አመልካቹ ከሚከፍለው ገንዘብ ነበር። ምክር ቤቱ፣ ድሃውም ራሱን ይጠብቅ ብሎ ክፍያውን ከግማሽ በታች ሲያወርደው ያጨበጨበው ብዙ ነው። የጎደለውን የአመልካቹ ብዛት ይሞላዋል ተባለ። አመልካቹስ በዛ፤ ሰልፉ ከግቢው አልፎ አስፋልት ዳር ደረሰ። ገቢው ግን ወረቀትና ቀለም ከመግዛት አላለፈም። መኪናው ቆመ፣ ሌሎቹ አጣሪዎች ተሰናበቱ፣ እሷን መስኮት ላይ አስቀምጠው ማኅተም አስያዟት። ቤት ሄዶ ማጣራት የሚባል ነገር በዚያው ቀረ።

አንድ ቀን ከሰልፉ መሀል የታናሽ እህቷ ባል ብቅ አለ። ብረት በያጅ ነው፤ ሰው ፊት አንገቱን የሚደፋ፣ ቤቱ ሲገባ ግን ሌላ ሰው። የእህቷ ክንድ እንዴት እንደተሰበረ ከቤተሰቡ የማያውቅ የለም፤ ደፍሮ የከሰሰው ግን አልነበረም።

«እንዴት አደርሽ፣ እትዬ» አለና ማመልከቻውን በመስኮቱ አሾለከላት።

ይዛው አለቃዋ ዘንድ ገባች። አለቃው ክፉ ሰው አይደለም። ፋይሉን አገላብጦ አየ፤ ንጹሕ ነው። ቤቱ ሄዶ ያየው ሰው ከሌለ በምን ልከልክለው አላት። በእግሬ ሄጄ እኔው ላጣራ ብትለው፣ ዘመድ ዘመዱን አያጣራም፣ ሌላ ሰው እንዳልልክ ደግሞ በጀት የለኝም ብሎ ዓይኑን ሰበረ። ማኅተሙን እሷ አልመታችውም፤ አጠገቧ ያለው መስኮት ላይ የምትሠራው መዝጋቢ ልጅ መታችው።

ሰውየው ሽጉጡን በገዛ ሰሞን እሱ የሌለበትን ሰዓት ጠብቃ እህቷ ቤት ሄደች። ልጆቹን ይዘሽ እኔ ጋ ነይ፣ ቢጠበንም እንደምንም እንሆናለን ብላ ለመነቻት። እህቷ የልጆቹን ልብስ ማጠፏን አላቋረጠችም።

«በፊት ጥዬው ስወጣ በእግሩ ነበር የሚከተለኝ» አለቻት። «አሁን የት ልድረስ፣ እትዬ?»

አጣሪዋ ተስፋዋን የሴቶች መጠለያው ላይ ጣለች፤ በሩ ዘበኛ አለው፣ አድራሻውንም ማንም አያውቀውም። እህቷን እዚያ ለማስገባት ስታባብላት ከረመች። በጀት ሲዘጋ ግን የፈቃድ ቢሮው ጉድለት ወጣ። ክፍያው ወደ ነበረበት ይመለስ የሚል ሐሳብ ለምክር ቤቱ ቢቀርብም ምርጫ ደርሶ ነበርና ማንም እጁን አላነሣም። ጉድለቱ ለመጠለያው ከተያዘው ገንዘብ ይሸፈን ተባለና መጠለያው ተዘጋ።

አሁን እህቷ ጋ ስትደውል ስልኩን የሚያነሳው ባልየው ነው። ደህና ናት፣ ተኝታለች ይላታል። አጥብቃ ብትጠይቅ ጣጣው በማን ላይ እንደሚወርድ ታውቃለችና፣ እሺ ብላ ትዘጋለች።