የእህቱ አረማመድ

መሥሪያ ቤት «ትራፊኩ» ይሉታል። ሥራው በኮምፒውተር ጌም ውስጥ ሕዝብን ማስኬድ ነው፤ እያንዳንዱ መንገደኛ ከየት ተነሥቶ፣ በየት አልፎ፣ የት እንደሚደርስ የሚያሰላው እሱ ነው።

ያሳደገችው ታላቅ እህቱ ናት። ልብስ ሰፊ ናት፤ በልጅነቷ ያደረባት በሽታ አንድ እግሯን ስላሰለለው ስትራመድ ዘንበል ቀና ትላለች። አዲሱ ጌም ሲጀመር ትራፊኩ ካሜራ ይዞ ሱቋ ሄደ።

«እትዬ፣ እስኪ እስከ በሩ ሂጂልኝ። ጌሙ ውስጥ ላስገባሽ ነው፤ ዓለም ያይሻል።»

«ኧረ ወዲያ! ቆንጆ ጠፍቶ ነው?» አለችና ሳቀች። ግን ፀጉሯን አበጥራ፣ ጫማ ቀይራ ደጋግማ ተመላለሰችለት። ሰፈሩም ሳይሰማ አላደረም።

ጌሙ ውስጥ የባቡር ጣቢያ ይቃጠላል፤ ሕዝቡም ይሸሻል። ሙከራው ላይ ጉድ ፈላ። ሰዎቹ መንገድ የሚመርጡት ሲነሡ አንዴ ብቻ ነበር፤ ሁሉም አቋራጩን ይመርጣል፣ አቋራጩ ደግሞ በአንዲት ጠባብ በር ያልፋል። እህቱን መስላ የተሠራችው ሴት ቀስ እያለች በሩ ላይ ስትደርስ፣ ከኋላ ያለው ሕዝብ ዞር ብሎ ሌላ በር መፈለግ አያውቅም። ይገፋታል፤ ትወድቃለች፤ ይረግጧታል። ልትነሣ ስትል እንደገና ይረግጧታል።

አለቃው ይህን ሲያይ በሳቅ ሊሞት ደረሰ።

«ላስተካክለው፤ ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» አለ ትራፊኩ።

«አብደሃል? እንዳትነካት! ጌሙን የምትሸጥልን እሷ ናት።»

«እህቴ ናት እኮ።»

«እንግዲያው አመስግንልኛ!»

ያኔ አረማመዷን በሌላ ሰው አረማመድ መቀየር ይችል ነበር። ከሥራ እንዳይባረር ፈራና «ማን ያውቃታል?» ብሎ ራሱን አታለለ።

ጌሙ ወጣ። ተጫዋቾች «እሜቴ ዘንበል» የሚል ስም አወጡላት፤ ብዙ ያስረገጣት የሚያሸንፍበት ውድድርም ፈጠሩ። አንድ ቀን ሱሪ ልታሳጥር የመጣች ደንበኛ፣ ልብስ ሰፊዋ ሜትር ልታነሣ ስትራመድ አየቻትና ጮኸች።

«ውይ! ቁርጥ እሜቴ ዘንበልን!»

«ማናት እሷ?»

ደንበኛዋ ስልኳን አሳየቻት። «የወንድሜ ሥራ ነው!» ብላ በደስታ ጎንበስ ያለችው ሴት፣ ቪዲዮው ሲያልቅ ቀና ማለት አቃታት።

ማታ ወንድሟ መጣ።

«ለምንድን ነው የሚረግጡኝ?» አለችው።

«የስሌት ስሕተት ነው እትዬ። ሰዎቹ ዞር ማለት አያውቁም።»

«አንተስ ሳታውቅ ነው የተውከው?»

ከዚያ ወዲያ የሰፈሩ ልጆች ከኋላዋ እየተከተሉ ዘንበል ቀና ይሉ ጀመር። ሱቋን ዘግታ ስፌቱን ቤቷ አደረገች።

ትራፊኩ አላስችል ሲለው ሰዎቹ በየመሃሉ መንገዳቸውን እንዲቀይሩ አድርጎ፣ ለማንም ሳይናገር የታረመውን ጌም ለተጫዋቾቹ ለቀቀው። ሕዝቡ በሌሎች በሮች ተበተነ፤ ሴትየዋም በሰላም ወጣች። ተጫዋቾቹ ግን ገንዘባችን ይመለስ ብለው አገር ይያዝልን አሉ። አለቃው አሮጌውን መለሰ፤ ትራፊኩንም ዕቃውን እንኳ ሳያስነሣ አባረረው።

ከዚያው በቀጥታ እህቱ ቤት ሄደ።

«ባንቺ ምክንያት ከሥራ ወጣሁ» አላት።

«አሁንስ እሷን መርገጥ ተዉ?»

«የለም... አሮጌውን መልሰውታል።»

እህቱ የያዘችውን ክር በጥርሷ በጠሰች።

«ታድያ ምን ልትነግረኝ መጣህ?» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው።