ማተብ የሌለው አንገት

ባለፈው ሳምንት ወደ ላፍቶ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ አንድ ወጣት አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ ስሙን ጠየቀው። ልጁ ነገረው። «የአባትህስ?» አለ ቀጥሎ። የፈለገው ስሙን እንዳልነበር ገባኝና የድሮው ነገር ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ እኔና ማርታ ነፋስ ስልክ አንድ ልብስ ስፌት ቤት አብረን እንሠራ ነበር። ወላጆቿ ከከምባታ የመጡ ጴንጤዎች ናቸው፤ ቤታችን ግድግዳ ለግድግዳ ነበር። የታኅሣሥ ገብርኤል ማግስት፣ ከሥራ ስንወጣ የሽምብራ እሸት ገዝተን፣ እየፈለፈልን፣ ያኔ ገና እርሻ በነበረው በላፍቶ በኩል ወደ ቤት እንሄዳለን። አንዲት ሴትዮ አስቆሙን። ጴንጤዎች ሥዕል አቃጠሉ ተብሎ የሰፈሩ ጎረምሶች ወንዙ መሻገሪያ ላይ የአላፊውን አንገት እያዩ ነው፣ ማተብ የሌለውን ይደበድባሉ አሉን። ሲቃጠል ያየ ሰው ግን የለም። ለቀበሌ አቤት እንዳይባል፣ የነማርታን ጸሎት ቤት ያሸገው ራሱ ቀበሌው ነው። ሌላው መሻገሪያ ሩቅ ነበር፤ ማርታ ደግሞ የታመመች እናቷን ብቻዋን ትታ ነው የወጣችው።

ማተቤን አውልቄ ላስርላት ስል እጄን ያዘችኝ።

«ተይኝ እህቴ፣» አለች። «ዛሬ አስሬ ካለፍኩ ነገም ማሰር ሊኖርብኝ ነው።»

ተናደድኩባት። ነፍስ በክር የምትተርፍ ከሆነ ምን አለበት ነበር የኔ ሐሳብ። እየተጨቃጨቅን ሳለ ጎረምሶቹ ደረሱብን። ማተቡ እጄ ውስጥ ነው፤ የሁለታችንም አንገት ባዶ።

ከመካከላቸው አንዱ ታላቅ ወንድሜ ጌታቸው ነበር። ሳየው እፎይ አልኩ። እሱ ግን መጀመሪያ ያየው አንገቴን ነው። ከማርታ ጋር ስለምውል እምነቴን እቀይራለሁ ብሎ ይሰጋ ነበር። ያን ጊዜ እኔን ያየበት ዓይን ማርታን ከሚያይበት አይለይም።

«ማተብሽስ?» አለኝ።

እጄን ዘርግቼ አሳየሁት። ክንዴን ይዞ ወደ ራሱ ጎተተኝና ወደ ጓደኞቹ ዞረ።

«እሷ የኛ ናት፣» አላቸው።

ማርታ ብቻዋን ቀረች። ድንጋዩ ሲያርፍባት እየጮኽኩ ብታገለውም አልለቀቀኝም።

ነፍሷ ተረፈች፤ ግራ ዓይኗ ግን ጠፋ። ወሩ ሳያልቅ ቤተሰቡ ሰፈሩን ለቆ ሄደ። ሥዕል ያቃጠለ ሰው እስከ ዛሬ አልተገኘም።

ጌታቸው አሁን ሽማግሌ ነው። እሑድ እሑድ ብርቱካን ይዞልኝ ይመጣል፤ ጉልበቴን ሲያመኝ የሚያሽልኝም እሱ ነው። እወደዋለሁ። ስለዚያ ቀን አንስተን አናውቅም፤ እሱ ያዳነኝ ነው የሚመስለው። ድምፁን ከደጅ ስሰማ ግን፣ በሩን ከመክፈቴ በፊት፣ ነጠላዬን ገለጥ አድርጌ ማተቤ እንዲታይ አደርጋለሁ።