የአንድ በርሜል ውስኪ

ጋሽ ገረሱ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ዳገቱ ላይ፣ አጥር ለአጥር ጎረቤቴ ነበሩ። ሃያ ሁለት ዓመት የአንድ የውጭ አገር ነጋዴ መጠጥ ቀጂ ሆነው ሠርተዋል። ሰውየው በ1967 ዓ.ም. አገር ጥሎ ሲሄድ አንድ ጠርሙስ ውስኪ ሰጣቸው፤ በነጠላ ጠቅልለው ሣጥን ውስጥ ቆለፉበት።

ወሬ እንደምወድ ያውቃሉና ያጫውቱኝ ነበር። «ሌላው ውስኪ ከብዙ በርሜል ይደባለቃል። ይኼ ከአንድ በርሜል ብቻ ነው። ከአንድ ጋን እንደተቀዳ ጠጅ ቁጠረው፤ ጋኑ ካለቀ አለቀ። ከጌታዬ ጋር የዚሁኑ በርሜል ሌላ ጠርሙስ ቀምሻለሁ። የገብስ ብቅል ነው፣ ግን መጀመሪያ የበሰለ ኮክ ይልሃል፣ ቀጥሎ ዘቢብ። ከዋጥከው በኋላ የብርቱካን ልጣጭ ምላስህ ላይ ይቀራል።»

«ፍሬ ሳይገባበት?»

«የበርሜሉ እንጨትና ጊዜው ነው የሚያፈራው፣ ልጄ። ለወርቄ ሠርግ እከፍተዋለሁ።»

ወርቄ ያሉት አንድ ልጃቸውን የማርያምወርቅን ነው።

በ1970 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አብዮት ጥበቃዎች ወርቄን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ይዘው ቀበሌ አሰሯት። የቀበሌው ጸሐፊ ለጋሽ ገረሱ ባለቤት ለእትዬ አሳየች ሹክ አላቸው፤ እስረኞቹ ዓርብ ወደ ከፍተኛው ቀበሌ እስር ቤት ይዛወራሉ፣ ከዚያ የሚመለስ ጥቂት ነው፣ ሊቀመንበሩ ግን ውስኪ እያፈላለገ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ገረሱ የደህና ቀን ኮታቸውን ለብሰው፣ ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልለው ሄዱ። የሆነውን የነገሩኝ ሲመለሱ ነው፣ አጥሩን ተደግፈው።

ሊቀመንበሩ ተክሌ ጠርሙሱን ሲያይ ከወንበሩ ተነሣ። «ይኼን ደብቀህ ነው ደሃ ነኝ የምትል?» ብሎ ሳቀ። «በል፣ ልጅህ ዛሬ ቤቷ ትገባለች።»

ጋሽ ገረሱ በደስታ ጎንበስ ብለው እጅ ነሡ። እጃቸው ግን የለመደውን ሠራ። ሳይቀምሱ ለሰው ማቅረብ በእሳቸው ሙያ ነውር ነው። ማሸጊያውን ቀደው፣ ቡሹን ነቅለው፣ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ።

«ምን አደረግህ አንተ ሽማግሌ!»

«ቀመስኩልዎ፣ ጓድ ሊቀመንበር። ንጹሕ ነው።»

«ለእኔ መሰለህ? እኔ ከአረቄ መቼ ወጣሁ! የመፍቻ ወረቀቷን ለሚፈርመው ለበላዬ ነው እንጂ! የተከፈተ ጠርሙስ ማን ይቀበለኛል? መርዝ ነው ቢለኝስ?»

ክፍሉን የኮክ ሽታ ሞላው። ዘቡ እንኳ ከበር አንገቱን አስግጎ፣ «ጓድ፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚያውደው?» አለ። ተክሌ በንዴት ከጠርሙሱ ተጎነጨ። ደግሞ ተጎነጨ።

«ይኼማ ፍራፍሬ ነው» አለ ድምፁ ለስልሶ።

ጋሽ ገረሱ እግሩ ላይ ወደቁ። «እንግዲያው ይማሩልኝ! አንድ ልጄ ናት!»

«ግሩም ውስኪ ነው፣ አባባ። ግን ፈራሚው እኔ አይደለሁም። ይሂዱ።» ጠርሙሱን ጠረጴዛው ሥር ከተተው።

«በዚች መዳፍ!» አሉኝ ጋሽ ገረሱ፣ አጥሩን እየመቱ። «ልጄን በዚች መዳፍ ጠጣኋት!» መዳፋቸው አሁንም ኮክ ኮክ ይሸት ነበር።

ወርቄ ዓርብ ተዛወረች። ከዚያ ወዲህ ጋሽ ገረሱ በየቀኑ ምሳ ያደርሱላታል። እዚያ በር ላይ ደግሞ የእስር ቤቱ ዘብ፣ መርዝ እንዳይኖርበት ብሎ፣ «መጀመሪያ ቅመስ!» ይላቸዋል። ይቀምሳሉ።

አንድ ቀን ከእትዬ አሳየች ጋር ደጃቸው ላይ ቆመን ጠበቅናቸው። ምሳ ዕቃው ባዶ ከመጣ ልጅቷ አለች ማለት ነው። ዳገቱን ጨርሰው ደረሱ። እትዬ አሳየች ክዳኑን ከፍተው አዩ፤ ባዶ ነው። «ተመስገን» አሉ።

ጋሽ ገረሱ ግን ቆመው ቀሩ።

«አሳየች፣ ወጡ ጨው ነበረው? ሁልጊዜ እቀምሳለሁ፤ ምላሴ ምንም አይለይም።»