ሙሉጌጥና ሠላሳ አንደኛው ወረቀት

መዝገብ ቤት ያረጀ ሰው ለነገር ሁሉ ቁጥር ካልሰጠ እንቅልፍ አይወስደውም። ሙሉጌጥም እንዲሁ ነበረች። ሐዋሳ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ደብዳቤ ስትቀበል፣ ቁጥር ስትሰጥ፣ ፋይል ስታወጣና ስታስገባ ኖራ፣ አዲስ መዋቅር ተሠራ ተባለና ስሟ ከተቀናሾቹ መካከል ተገኘ። ባል አላገባች፣ ልጅ አልወለደች፤ ታቦር ሰፈር ከታናሽ እህቷ ጋር ተከራይታ ትኖር ነበር። ደግነቱ አንድ የአካባቢው ማኅበር አዲስ ከተማ በሚባለው ሰፈር ንባብ ቤት ሲከፍት «ሥርዓት የምታውቅ ሴት ናት» ብሎ ቀጠራት።

ንባብ ቤቱ ስድስት አሮጌ ኮምፒውተሮች ነበሩት። የተጫነባቸው በነጻ የሚገኝ፣ የዓለም ሰው ተባብሮ የሚሠራው ዐይነት ፕሮግራም ነው። ክፋት አልነበረውም፤ ግን ከተማው የለመደው ሌላውን ስለሆነ የገባ ሁሉ ግራ ይጋባል። መመሪያውማ ሞልቷል፤ በእንግሊዝኛ፣ እዚያው ፕሮግራሙ ሆድ ውስጥ ተቀብሮ። ሙሉጌጥ መዝገበ ቃላት ታቅፋ፣ እየሞከረችና እየተሳሳተች፣ በሁለት ዓመት ውስጥ አርባ መመሪያ በአማርኛ ጻፈች። አማርኛዋ ልጅም ሽማግሌም የሚገባው ነበር፤ እዚህ ላይ አትታማም።

ጣጣው አቀማመጡ ላይ ነው። አንዱን ወረቀት «ኮ/መ/12»፣ ሌላውን «ኮ/መ/27» አለችና፣ ከቁጥሩ ጎን የፕሮግራሙን የእንግሊዝኛ ስያሜ በእኛ ፊደል ጽፋ፣ በአራት ቦክስ ፋይል አሰረቻቸው። እስቲ አሁን ጽሑፉ የጠፋበት ሰው «ኮ/መ/31፦ ባክአፕ» ብሎ ይፈልጋል? «ኧረ ጽሑፌ ጠፋ» ነው የሚለው። እሷ ግን ይህ ቅር አላላትም፤ ሰው ሁሉ «እትዬ ሙሉጌጥ» እያለ ወደ እሷ ይመጣላ። እሷም ቁጥሩን በቃሏ ጠርታ ወረቀቱን መዘዝ ታደርጋለች። ከሥራ የተቀነሰ ሰው ተፈላጊ ሲሆን ደስ ይለዋል፤ ማን ይፈርድባታል።

ከሚመጡት ሁሉ አብልጣ የምትወዳቸው ጋሽ ኩማን ነበር። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ከዋክብት አይተው የሲዳማን ዘመን መለወጫ፣ የፍቼን ቀን የሚቆርጡትን፣ አያንቱዎች የሚባሉትን ሦስት አዛውንቶች ቤታቸው ድረስ እየሄዱ፣ በሲዳምኛ የነገሯቸውን በአማርኛ በደብተር ጽፈዋል። ከሦስቱ ሁለቱ ሞተዋል፤ ሦስተኛው ጆሯቸውም አንደበታቸውም ደክሟል። ጋሽ ኩማ ወደ ንባብ ቤቱ የመጡት ክረምት ላይ ቤታቸው ጎርፍ ገብቶ ደብተሮቹ መሻገት ሲጀምሩ ነው። በአንድ ጣት እየለቀሙ ዓመት ከመንፈቅ ተየቡት። ደብተሮቹ ተበላሽተው ተጣሉ። የአዛውንቶቹ ቃል ያለው እንግዲህ እዚያ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነበር። «ይለቅና ባንዴ እናትመዋለን» ይሉ ነበር።

በ2001 ዓ.ም. ክረምት መብራት በፈረቃ ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ሙሉጌጥ የዕድሯ አባል ሞቶባት ለቅሶ ላይ ሳለች፣ መብራቱ ያለ ፈረቃው ድርግም አለ። ሲመለስ ጋሽ ኩማ ጽሑፋቸውን ቢከፍቱት ነጭ ወረቀት ሆኖ ጠበቃቸው። ተነሥተው ቦክስ ፋይሎቹን አገላበጡ። ቁጥር ነው፣ ቁጥር ነው፣ አሁንም ቁጥር ነው። የሚጠይቁት ሰው የለም። ሲጨንቃቸው «ከዚህ የባሰ እንዳይመጣ» ብለው «አስቀምጥ» የሚለውን ተጫኑ።

ሠላሳ አንደኛው ወረቀት የሚለው ይህን ነበር፦ «ጽሑፍዎ ባዶ ሆኖ ከተከፈተ ‹አስቀምጥ›ን አይጫኑ። ከተጫኑ የተረፈው ቅጂም ባዶ ይሆናል። ዝም ብለው ይዝጉት፤ ቅጂው ሌላ ቦታ አለ።» ቦታውንም ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ሁሉም ነገር እዚያው፣ ከወንበራቸው ሦስት እርምጃ ርቆ ነበር።

በማግስቱ ሙሉጌጥ ጋሽ ኩማን አጠገቧ አስቀምጣ ኮምፒውተሩን ስትከፍት ያደረጉትን ወዲያው ዐወቀች።

«ይገኛል ልጄ?» አሏት።

«መብራቱ ነው የበላው፣ ጋሼ» አለች። «ማንም ቢሆን ምንም ማድረግ አይችልም ነበር።»

ይህን ያለችው ለእሳቸው አዝና ነው። ግማሹን ግን ለራሷ ብላ ነው፤ ይህንንም ታውቀዋለች። እሳቸው አመኗት፣ መብራት ኃይልን ረገሙና ትዝ ያላቸውን እንደገና መተየብ ጀመሩ። አንድ መሥመር ይጽፋሉ፣ ጣታቸው በአየር ላይ ይቆማል፣ «የኮከቡ ስም... ምን ነበር ያሉኝ?» ይላሉ። ሙሉጌጥ ያን ጊዜ ወደ ጓሮ ትወጣለች።

ወራት አልፈው ሙንተሃ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፏ ባዶ ሆኖ ተከፈተባት። ጣቷ «አስቀምጥ» ላይ ሊያርፍ ሲል ሙሉጌጥ ሮጣ እጇን ያዘች። ጽሑፉ ተገኘ። ልጅቷ እንባዋን ጠርጋ ስታበቃ፣ «እትዬ፣ እርስዎ ባይኖሩስ ኖሮ?» አለቻት። «ሰው እኮ የሚፈልገው በደረሰበት ነገር ነው፤ ቁጥሩን ከየት ያውቀዋል?»

ሙሉጌጥ ወረቀቶቹን እንደ ሰው አነጋገር መደርደር እንዳለባት ገባት። ግን ሠላሳ አንደኛው በስሙ ከተጠራ ጋሽ ኩማ ያነቡታል። ሁለት ሳምንት ቦክስ ፋይሎቹን እያወረደች መልሳ ሰቀለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሷ ባይጠራ በወደደች። በሌላ በኩል ደግሞ ነገ ሌላ ሰው ይመጣል፣ እሷ ለቅሶ ላይ ትሆናለች። በመጨረሻ ቁጥሮቹን ሁሉ ፋቀች። «ማተሚያው እምቢ አለኝ»፣ «አማርኛ አልጽፍ አለኝ»፣ «ጽሑፌ ባዶ ሆነ» እያለች፣ ሰዎቹ ሲጠይቋት በነበረው ቃል ርእስ ሰጠቻቸው። ማውጫውንም በሩ ላይ በትልቁ ለጠፈች።

ጋሽ ኩማ ማክሰኞ ጠዋት መጡ። መነጽራቸውን አድርገው በሩ ላይ ቆመው አነበቡ። ከዚያ ማንንም ሳይጠይቁ ቀጥ ብለው ሄደው ወረቀቱን አወጡና ተቀመጡ። ሙሉጌጥ የተወለወለ ጠረጴዛ መልሳ ትወለውል ጀመር።

«ሙሉጌጥ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ይህ በቅርብ የጻፍሽው ነው?»

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። «አይደለም» አለች። «ያን ቀንም እዚሁ ነበር።»

«እንግዲያ መብራቱ አይደለም ያጠፋው» አሉ። «እኔ ነኝ።»

«እኔ ነኝ ጋሼ! እርስዎ ፈልገው ነበር፤ እንዳይገኝ አድርጌ ያስቀመጥኩት እኔ ነኝ» አለችና ጠረጴዛው ላይ ተደፍታ አለቀሰች።

አይደለሽም አላሏትም። ወረቀቱን ወደ ቦታው መለሱ፣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተቱ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው፣ «ካለበት እንዳታነሺው፣ ልጄ» አሏት።

ከዚያ ወዲያ አልመጡም። ሙሉጌጥ ትዝ ብሏቸው የተየቡትን አትማ ቤታቸው ወሰደችላቸው። ከሦስቱ አዛውንቶች ቃል የተረፈው ሰባት ገጽ ነበር።