ከስሩ ያልተነከሰ ቅርንጫፍ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር ውስጥ ዛፍ የሚያስከረክም ሰው ሁሉ በሙመድ ይስቃል። ያስቃላ፣ ምን ያድርግ! አውራ ጣት የማታህል ቅርንጫፍ ለመቁረጥ መጀመሪያ ግቢውን ባዶ ያስቀራል። ሴቱን፣ ልጁን፣ ዘበኛውን፣ ድመቷን ሳይቀር ያባርራል። "ከግንዱ ራቁ! አቦ ራቁ ብያለሁ!" እያለ ይጮሃል። ከዚያ በረጅም ዘንግ ጫፍ ላይ የተተከለውን የሞተር መጋዝ ያስነሳና ያቺን ቅርንጫፍ ከስሯ በትንሹ ይነክሳታል፤ ቀጥሎ ከላይ ይቆርጣታል። በእጅ ብትቀነጠስ የምትመጣውን! "ወሪያ ሙመድ፣ እሷን እኮ ፍየል ትጨርሳት ነበር" ይሉታል። የሚስቁት ስለማያውቁ ነው፤ ቢያውቁስ ምን ይሉት ነበር? እንጃ።

ሞተሩ ሳይመጣ በፊት ሥራው የሁለት ሰው ነበር። ሙመድ ወጪ፣ ዐብዱላሂ ገመድ ያዥ። ሃያ ሁለት ዓመት አብረው ሠሩ። ሙመድ ጫማውን አውልቆ ዛፉ ላይ ይወጣል፣ የሚቆረጠውን ቅርንጫፍ በገመድ ያስራል፣ ገመዱን ከላይኛው ባላ አሳልፎ ወደ ታች ይለቃል። ዐብዱላሂ ታች ግንዱ ላይ ሁለቴ ይጠመጥመዋል። ቅርንጫፉ ሲቆረጥ ገመዱን እየለቀቀ ቀስ አድርጎ ያወርደዋል። እንጨቱ "ቀጭ" ያለ እንደሆን ዐብዱላሂ የትም ይሁን የት፣ የወደቀ ቅጠል እየጎተተም ይሁን ውሃ እየጠጣ፣ ሮጦ ግንዱ ጋ ነው። ገመዱን የሚይዝ እጅ እዚያ ካልተገኘ ቅርንጫፉ ጣራ ያፈርሳል፣ ሙመድንም ይዞት ይወርዳል። በሃያ ሁለት ዓመት አንድ ቀን አልዘገየም። ሙመድ ዛሬ በእግሩ የሚሄደው በዚያ ሰው እግር ነው ቢባል ውሸት አይደለም።

ከዚያ ሲሞን መጣ። ሲሞን የግቢ ጽዳትና የዛፍ ክርከማ ኮንትራት የሚይዝ ሰው ነው፤ ክፉ አይደለም፣ ችኩል ነው እንጂ። መጋዙን ከመኪናው አወረደና ለሙመድ አሳየው። "መሰላል የለ፣ ገመድ የለ። መሬት ላይ ቆመህ ዘንጉን ወደ ላይ ትዘረጋለህ፣ አለቀ። አንድ ሰው ይበቃል።"

ዐብዱላሂ እዚያው ቆሞ ነበር። "ሃዬ" አለና ገመዱን ጠቅልሎ ትከሻው ላይ አደረገ፤ ሄደ።

በማግስቱ ግን ከነገመዱ መጣ! "ቤት ተቀምጬ ምን ልሥራ? ከኒሞ ጋር ልጨቃጨቅ?" አለ። ኒሞ ሚስቱ ናት። ከዚያ ቀን ጀምሮ በየቀኑ ይመጣል፣ ጥላ ይፈልግና አጥር ተደግፎ ይቀመጣል፣ ሞተሩን ዓይን ዓይኑን ያየዋል። ሙመድ ምሳውን ያካፍለዋል። ሂድ ማለት አልቻለም፤ ምን አንጀት አለውና!

አንድ ቀን የሚቆረጠው አሮጌ የሮቃ ዛፍ ነበር፣ ቅርንጫፉ የሰው ወገብ የሚያህል። ሰኔ ነው፣ የድሬ ፀሐይ አናት ትበሳለች። ወፍራም ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከስሩ ካልተነከሰ ሳይቆረጥ ይሰነጠቃል፤ ቅርፊቱን ገሽልጦ ግንዱ ላይ ይንጠለጠላል። ይህን ሙመድ ከማንም በላይ ያውቃል። ግን ጠዋት ከስር ሲነክስ እንጨቱ መጋዙን ሁለቴ ጨምድዶ ይዞበት፣ ሲሞን "አንድ ዛፍ ላይ ልትከርም ነው እንዴ?" ብሎ ጮሆበት ነበር። የቀትሩ ስግደት፣ የዙሁር አዛንም ደርሷል። "ይቺን እንኳ እንዲሁ ልገላገላት" አለና ልቡ እያወቀ ከላይ ብቻ ቆረጠ።

በሞተሩ ጩኸት እንጨቱ ሲሰነጠቅ አልሰማም። ዐብዱላሂ ግን ሰማ። ከጥላው ብድግ አለና ሮጠ፤ ወዴት? ወደ ግንዱ! እግሩ ሌላ ቦታ አያውቅማ። ሁለት እጁን ዘርግቶ ገመዱን ለመያዝ ደረሰ። ገመዱ አጥሩ ሥር እንደተጠቀለለ ነበር። ቅርንጫፉ በቅርፊቱ ተንጠልጥሎ እንደ በር ተወዛወዘና ከግንዱ ጋር አጣበቀው።

ሰዉ ተሰበሰበ፣ በባጃጅ ወሰዱት። "ግንዱ ሥር ምን ሊሠራ ገባ?" አለ ሁሉም። "ራሱ ነው የገባው፣ አይታችኋል" አለ ሲሞን። ግንዱ ላይ የሰው ቁመት የሚያህል የተገሸለጠ ቅርፊት ተንጠልጥሏል፤ ዛፍ የሚያውቅ ሰው ቢያየው ከስሩ እንዳልተነከሰ ወዲያው ይገባዋል። ሙመድ ሞተሩን አስነሥቶ ቅርፊቱን ቆርጦ አስተካከለው። ለዛፉ ብዬ ነው ብሎ ነበር ለራሱ። ውሸቱን ነው!

ዐብዱላሂ አሥራ ዘጠኝ ቀን ተኛ። ሐኪሞቹ ቤቱ ይሁን ብለው ከላኩት በኋላ፣ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ባለችው ክፍሉ ሙመድ በየቀኑ ይጠይቀዋል። በየቀኑም "ዛሬ እነግረዋለሁ" ብሎ ድልድዩን ይሻገራል፤ ሳይነግረው ይመለሳል። ቢናገር ሲሞን ሞተሩን ይነጥቀዋል፣ ከተማው ገዳይ ይለዋል። ባይናገር ደግሞ ዐብዱላሂ ያን የሚያህል ገመድ ያዥ፣ ጅል ተብሎ ሊሞት ነው።

አንድ ከሰዓት ዐብዱላሂ እጁን ያዘው። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

"ሙመድ፣ አረጀሁ መሰለኝ። ገመድ እንደሌለ እያወቅኩ ሮጬ ገባሁብህ። ሥራህን አበላሸሁብህ። አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ።"

ሙመድ ሊነግረው አፉን ከፈተ። ኒሞ ውሃ ይዛ ገባች።

"አቦ ተው፣ ይህን ነገር ነገ እናወራዋለን" አለና ተነሣ። ወላሂ ነገ ሊነግረው ነበር። ዐብዱላሂ ሱብሂ ላይ፣ ጎህ ሲቀድ ሞተ።

ለቀብሩ ብዙ ሰው ወጣ። ከስግደቱ በፊት ኢማሙ ወደ ሰዉ ዞረ። "በዚህ ሰው ላይ ሐቅ፣ ዕዳም ይሁን በደል፣ ያለው ካለ ይናገር፣ ወይም አፉ ይበለው።" ሟቹ ራሱ በማን ላይ ሐቅ እንዳለው የሚጠይቅ የለም፤ እሱን ማን ይመልሳል?

ሙመድ እጁን አነሣ። ሊናገር ነው፣ ቆርጧል፤ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ከስሩ አልነከስኩትም" ሊል ነው። ሰዉ ሁሉ ዞሮ አየው። ሲሞንም ከኋላ ቆሞ ያየዋል።

"አፉ ብዬዋለሁ" አለ።

"ማሻአላህ!" አሉ አጠገቡ ያሉት። አንድ ሽማግሌ ትከሻውን መታ መታ አደረጉት። "ልበ ሰፊ ሰው ነህ" አሉት።

በሳምንቱ ኒሞ እቤቱ ድረስ መጣች። በፌስታል የያዘችውን አውጥታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት፤ የዐብዱላሂ ገመድ ነው፣ አጥባዋለች።

"ሰዎቹ ነገሩኝ" አለች። "በሰው ሁሉ ፊት አፉ አልከው። ያንተን ሐቅ ይዞ ሄደ ብዬ እንቅልፍ አጥቼ ነበር። አሁን ተኛሁ፣ ወንድሜ። አላህ ልጆችህን ያሳድግልህ።"

ሙመድ ገመዱን ይዞ ቆመ። እሷ መርቃው ስትጨርስ፣ እሱ "አሚን" አለ።