በረዶ ላይ የዋለ ኢንሱሊን

ረቢያ አብዱልሰመድ ቦንጋ ገበያ ዳር ጨርቅ ትሸጣለች። ስኳር ከያዛት አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። መብራት እየጠፋ ስለሚያስቸግር ኢንሱሊኗን እርጥብ አሸዋ ውስጥ በቀበረችው ማሰሮ ታኖራለች። የምትፈራው ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ ቦታ ስታገኝ እጇ ወደ ቦርሳዋ ይሄዳል።

ልጇ ፈርሐት ኖርዌይ ተማረች። ለምረቃዋ የሄደችው እናት በመመለሻዋ ዋዜማ ከልጇ ጋር በረዷማውን የምድር ዋልታ ጉዞና አራዊት የሚያሳይ ሙዚየም ገባች። እዚያ መንካት አይከለከልም። ቁልፍ ሲጫኑ ውሾች ይጮሃሉ፤ ውሾች በበረዶ ላይ የሚጎትቱት ተንሸራታች ጋሪ ላይ ሲቀመጡ ወለሉ ይንቀጠቀጣል። በር ላይ ነጭ ድብ በሁለት እግሩ ቆሟል።

«ይሄ ሰው ይበላል?»

«ገለባ የተሞላ ነው፣ እማዬ።»

«ጠየቅሁ እንጂ ፈራሁ አልኩ?»

አንዱ ክፍል ውስጥ እውነተኛ የበረዶ ግድግዳ አለ። ጎብኚ መዳፉን ለጥፎ ስንት ሰከንድ እንደሚችል ይለካል። ረቢያ አሥራ አራት ቻለች። ከዚያ ልጇ ሳታያት ሁለቱን የኢንሱሊን ጠርሙሶች ከቦርሳዋ አውጥታ በግድግዳው ስንጥቅ ሸጎጠች። የሁለት ቀን መንገድ ይጠብቃታል፤ ቀዝቅዘው ቢሄዱ ምን ይጎዳል? ፊልም ሊያዩ ገቡ። መርከብ በበረዶ ተያዘች፤ ሰዎቹ ውሾቻቸውን በሉ። ፊልሙ አንድ ሰዓት ፈጀ።

ስትመለስ ጠርሙሶቹ ድንጋይ ሆነዋል።

«ምን አድርገሽ ነው?» አለች ፈርሐት።

«በረዶ አገኘሁ፣ አስቀመጥኩ።»

ረቢያ ብብቷ ውስጥ ይዛ አቀለጠቻቸው። ፈሳሹ ላይ ነጭ ፍርፋሪ ይዋኛል፤ ብታሽከረክረውም አልሟሟ አለ። የማታው መርፌ ሰዓት ደርሷል። ሌላ ጠርሙስ የላትም። ቦንጋ ወዳለችው ነርሷ፣ ሲስተር ፀጋ፣ ደወሉ፤ ፈርሐት የሆነውን ነገረቻት።

«ቀዝቃዛ ቦታ አላልሽኝም?» አለች ረቢያ ቀድማ።

«ቀዝቃዛ አልኩ እንጂ በረዶ አልኩ፣ እትዬ ረቢያ? ተበላሽቷል። እንዳይወጉት። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ይሂዱ።»

ድንገተኛ ክፍል ሦስት ሰዓት ጠበቁ። የረቢያ አፍ ደረቀ። አምስተኛ ብርጭቆ ውሃዋን ስትጠጣ ፈርሐት ብርጭቆዎቹን እየቆጠረች ነበር። ተራቸው ሲደርስ ሐኪሙ አሮጌዎቹን ጠርሙሶች ቆሻሻ ሣጥን ውስጥ ጥሎ አዲስ ሰጣት።

«በምን ላቀዝቅዘው በይው» አለች ረቢያ ልጇን።

ፈርሐት ጠየቀች። «ቦርሳሽ ውስጥ ይበቃዋል። ሳይሞቅ፣ ሳይቀዘቅዝ፤ እንዲህ አንድ ወር ይቆያል ይላል።»

«ደግመሽ ጠይቂው።»

መልሱ ያው ነበር። ረቢያ አላመነችም፤ ግን ልብሷን ገለጥ አድርጋ እዚያው ወንበሩ ላይ ተወጋች።

በማግስቱ አውሮፕላን ውስጥ ጠርሙሱን በየሰዓቱ እያወጣች ነጭ ፍርፋሪ ይኖረው እንደሆነ በመስኮቱ ብርሃን ታየው ነበር።